«ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ እንግሊዝኛዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ?»

የዛሬው ደብዳቤ ከቴክሳስ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ጋርላንድ ነው። ሰባት ዓመት ኡበር ነድቻለሁ፤ ወገቤ አልቋል። አገር ቤት አካውንቲንግ ተምሬያለሁ። የኢንሹራንስ ኤጀንት ልሁን ብዬ የፕሮፐርቲ ኤንድ ካዡዋልቲ (የንብረትና የተጠያቂነት ኢንሹራንስ) ፈተና ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ 61፣ ቀጥሎ 64 አመጣሁ። ማለፊያው 70 ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቃሉን ሁሉ ወደ አማርኛ እየገለበጥኩ ደብተር ሞልቻለሁ። ቤት የምሠራው መለማመጃ ላይ 90 እና 95 ነው የማመጣው። ፈተናው ላይ ግን ሁለት መልስ ልክ ይመስለኛል። አንድ ልጅ ‹ዋናውን ጥያቄ በ200 ዶላር ላምጣልህ› አለኝ። ሌላ የማውቀው ሰው ደግሞ ‹ይሄን ተወውና የላይፍ ኢንሹራንስ ቡድናችን ውስጥ ግባ› እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። ባለቤቴ ‹ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘብ ከምታቃጥል ይቅርብህ› ትላለች። ይንገሩኝ፤ እንግሊዝኛዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ? ደካማው ከጋርላንድ።»

ወንድሜ፣ «አንተ» ብልህ ቅር አይበልህ። «ደካማው» ብለህ መፈረምህን ግን አልወደድኩትም። ቀን ሙሉ መሪ ይዞ ማታ ደብተር የሚገልጥ ሰው ደካማ አይባልም።

እንግሊዝኛህም አይደለም፣ ጭንቅላትህም አይደለም። የጣለህ ነገር እዚሁ ደብዳቤህ ውስጥ አለ። አንዱ ሰባት ዓመት መንዳትህ ነው። ሌላው ቃሉን ሁሉ ወደ አማርኛ መገልበጥህ። «እነዚህማ ጥቅሞቼ ናቸው» ትለኝ ይሆናል። ቆይ፣ አብረን እንየው።

እስቲ ይቺን መልስልኝ። ሰውዬው ማታ ሃይዌይ ላይ እየነዳ ነው። አጋዘን ዘላ ገባችበት፤ መታት፤ የመኪናው አፍንጫ ተጨፈለቀ። የሚከፍለው የትኛው ሽፋን ነው? ሾፌር ስለሆንክ «ተጋጭቷል፣ ኮሊዥን ነው» ትላለህ። አይደለም። የግል መኪና ፖሊሲው፣ የኢንሹራንስ ውሉ ማለቴ ነው፣ ከወፍ ወይም ከእንስሳ ጋር መጋጨትን የጻፈው «ከኮሊዥን ውጪ» በሚለው ስር ነው፤ እኛ ኮምፕሪሄንሲቭ በምንለው። አሁን ደግሞ ያው ሰውዬ አጋዘኗን አየና መሪውን ጠመዘዘ እንበል። እሷን ሳታት፣ ዛፍ ገጨ። ይሄ ኮሊዥን ነው። አጋዘኗ ያቺው፣ ሌሊቱ ያው፣ መኪናውም ያው። የተለየው ፖሊሲው ነገሩን የጠራበት ስም ነው።

ፈተናው ማወቅ የሚፈልገው መንገድ ላይ የሆነውን አይደለም። ወረቀቱ የሆነውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራው ነው። አንተ ሁለት መልስ ልክ የሚመስልህ አንዱን ከመንገድ፣ ሌላውን ከመጽሐፍ ስለምታመጣው ነው። የመንገዱን እዚያው መንገድ ላይ ተወው።

«ፉል ከቨሬጅ» (ሙሉ ሽፋን) የሚለውን ቃልም ከአፍህ አውጣ። ደንበኛ ሲናገረው ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባሃል፤ ፖሊሲው ውስጥ ግን እንዲህ የሚባል ሽፋን የለም። አገር ቤት «ሦስተኛ ወገን» የምንለውን ግን ያዘው፤ እዚህ ላይቢሊቲ ነው። እሱን ስታስብ አትሳሳትም።

የኡበሩ ጉዳይ ደግሞ ይብስብሃል፣ ምክንያቱም ኖረህበታል። ቴክሳስ በ2015 ባወጣችው ሕግ አፑ በርቶ ጥሪ እየጠበቅህ ሳለህ ቢያንስ ለአንድ ሰው 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ሽፋን መኖር አለበት። ጥሪውን ተቀብለህ ተሳፋሪውን እስክታወርድ ደግሞ 1 ሚሊዮን ነው። ይሄን በቃልህ ታውቀዋለህ። ጥያቄው ግን «የግል ፖሊሲው ይከፍላል ወይ?» ነው። መልሱ አይከፍልም ነው፤ ሰው በክፍያ ማመላለስ ከፖሊሲው ውጪ ተደርጓል። አንተ ግን እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ «ለእገሌ እኮ ባለፈው ከፍለውታል» እያልክ ታስባለህ። የእገሌን ነገር ማንም አልጠየቀህም።

ወደ ደብተርህ እንምጣ። ሳላየው ውስጡ ያለውን ልንገርህ። «ፔሪል፦ አደጋ። ሃዛርድ፦ አደጋ። ሪስክ፦ አደጋ።» ተሳሳትኩ? አማርኛችን ለሦስቱም አንድ ቃል ነው የሚሰጥህ። ፈተናው ደግሞ ሦስቱን ለይተህ እንድታውቅ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ትርጉሙን ሰርዝና በቦታው አንድ ቤት ሳልበት። ቤቱን የሚያቃጥለው እሳት ፔሪል ነው። ጓዳ ውስጥ በጀሪካን የተቀመጠው ቤንዚን ሃዛርድ ነው፤ እሳቱን አላስነሳም፣ ግን እንዲነሳ በር ከፍቷል። ቤቱ ሊቃጠልም ላይቃጠልም መቻሉ ሪስክ ነው። በቃ።

እዚያው አጠገብ አንዲት ተንኮለኛ ጥያቄ አለች። «ሞራል ሃዛርድ» የሚባሉ ሁለት አሉ፤ በእንግሊዝኛ አንዱ መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ይጨምራል። ፊደሏ የሌለችበት ሰውዬው አጭበርባሪ ነው፤ ሱቁን ራሱ ያቃጥላል። ፊደሏ ያለችበት ሰውዬው ግድየለሽ ነው፤ «ኢንሹራንስ አለኝ አይደል» ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ቡና ሊጠጣ ይገባል። ሁለተኛውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አማርኛን ጨርሶ ተወው ማለቴ አይደለም። ቃሉን አትተርጉም፤ ነገሩን ግን ከምታውቀው ጋር አስታርቀው። እድርን አስብ። እድር ሰው ሲሞት የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሟቹ ሀብታም ይሁን ድሃ መጠኑ አንድ ነው። የላይፍ ኢንሹራንስ ጠባይ ይሄ ነው፤ መጠኑ አስቀድሞ ተቆርጧል። የመኪናና የቤት ኢንሹራንስ ግን የጠፋብህን ያህል ብቻ ነው የሚመልስልህ፤ አትርፈህ እንድትወጣ አይፈቅድም። ኢንደምኒቲ የሚሉት ይሄን ነው። «ካሳ» ብለህ ብቻ ብትጽፈው ይሄ ልዩነት ይጠፋብሃል። እድርተኞች አዲስ አባል ወዲያው ገንዘብ እንዳይወስድ ለምን ያስጠብቁታል? ሰው ሁሉ ታማሚ ቤት ሲኖረው ብቻ እንዳይመዘገብ ነው። መጽሐፉ ላይ «አድቨርስ ሴሌክሽን» የሚለውን ስታይ የእድሩ ዳኛ ፊት ይምጣልህ።

አንተ የሂሳብ ሰው ስለሆንክ የስሌት ጥያቄ ላይ ነጥብ መጣል የለብህም። ግን አብዛኛው ሰው የሚጥልበትን ላሳይህ። የአንድ ሱቅ ሕንፃ ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት 300,000 ዶላር ይፈጃል። ፖሊሲው የ80 በመቶ ኮኢንሹራንስ ግዴታ አለው፤ ከዚህ ዋጋ ቢያንስ 80 በመቶውን ኢንሹራንስ ግባ ማለት ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ቢያንስ የ240,000 ዶላር ኢንሹራንስ መግዛት ነበረበት። አረቦን እንዳይበዛበት ብሎ የ180,000 ብቻ ገዛ። እሳት ተነሳና 40,000 ዶላር የሚያወጣ ጉዳት አደረሰ። የገዛውን መግዛት ለነበረበት አካፍል፤ 180,000 ለ240,000፣ 0.75 ይመጣል። በጉዳቱ አባዛው፤ 30,000። ዲደክቲብሉ፣ ማለትም ከራሱ ኪስ የሚችለው፣ 1,000 ከሆነ በእጁ የሚገባው 29,000 ነው።

ሰው የሚሳሳተው 180,000ን ለ300,000 ሲያካፍል ነው። ያኔ 24,000፣ ዲደክቲብሉ ሲቀነስ 23,000 ይወጣል። አይዞህ፣ 23,000ም ከምርጫዎቹ መሐል ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ጥያቄ አውጪዎቹ የምትሳሳትበትን ቦታ ካንተ በላይ ያውቁታል።

እናንተ ጋ በረዶ ጣራ ሲደበድብ የሚመጣ ሌላም ስሌት አለ። የነፋስና የበረዶ ዲደክቲብል ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። 2 በመቶ ሲባል ከጉዳቱ 2 በመቶ አይደለም። ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባበት መጠን ላይ ነው። 300,000 የተገባለት ቤት 6,000 ዶላር ከኪስ ያስወጣል። ነገ ኤጀንት ስትሆን ደንበኛህ የሚጮህብህ በዚህ ነውና አሁኑኑ ተማረው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትወድቅ የተሰጠህ የውጤት ወረቀት የት አለ? ሰው ሲወድቅ ይናደድና አጣጥፎ መኪናው ውስጥ ይወረውረዋል። ከወንበር ስር ፈልገው። በየትኛው ክፍል እንደደከምክ የሚነግርህ እሱ ነው። ከዚያ ቴክሳስ ውስጥ ፈተናውን የሚሰጠው ፒርሰን ቪዩ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀመጠውን የተፈታኞች መመሪያ አውርድ። ከየርዕሱ ስንት ጥያቄ እንደሚመጣ ተዘርዝሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ከገጽ አንድ መጀመር ይቅር። የምታውቀውን ደግመህ ማንበብ ደስ ይላል፤ ነጥብ ግን አይጨምርም።

እንደኔ ግምት ነጥብህን የበላው የቴክሳስ ሕግ ክፍል ነው። አካውንታንት ቁጥር ይወዳል፣ ግን እነዚህ የሚሰሉ ቁጥሮች አይደሉም፤ የሚሸመደዱ ናቸው። ትንሹ የመኪና ላይቢሊቲ 30/60/25 ነው፦ ለአንድ ሰው 30,000፣ ለአደጋው 60,000፣ ለንብረት 25,000። ክሌይም፣ የክፍያ ጥያቄ ማለት ነው፣ ሲቀርብ ኩባንያው በ15 ቀን ውስጥ «ደርሶኛል» ማለት አለበት። የጠየቀው ወረቀት ሁሉ ከገባለት በኋላ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ይቀበላል ወይም ይከለክላል። «እከፍላለሁ» ካለ በ5 የሥራ ቀን ይከፍላል። ፒአይፒ የሚባለው የግል ጉዳት ሽፋን ቢያንስ 2,500 ዶላር መቅረብ አለበት፤ ደንበኛው አልፈልግም የሚለው በጽሑፍ ነው። ኢንሹራንስ ከሌለው ሾፌር የሚጠብቀው ሽፋንም እንዲሁ በጽሑፍ ነው የሚከለከለው። በአፍ «ተወው» ማለት አይሠራም። የኢንሹራንስ ኮሚሽነሩን የግዛቱ ገዢ ይሾመዋል፣ ለሁለት ዓመት። ደግሞ ቴክሳስ የግል አሠሪዎችን የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ እንዲገቡ አታስገድድም፤ ከአብዛኞቹ ግዛቶች የምትለይበት ይሄ ነው፤ ፈተናውም ይወደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቨርጂኒያ ካለው የአጎትህ ልጅ ማስታወሻ አትዋስ። እዚያ ትንሹ መጠን ከ2025 መግቢያ ጀምሮ 50/100/25 ሆኗል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በዚያው ቀን 30/60/15 ሆናለች። ዩቲዩብ ላይ የምታየው አስተማሪ የየትኛውን ግዛት ሕግ እንደሚያስተምር ሳታውቅ ደብተርህን አትክፈት። የድሮ መጽሐፍም እንደዚያው።

መለማመጃው ላይ 95 ማምጣትህ አላስደነቀኝም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ያንኑ ጥያቄ ስንተኛ ጊዜህ ነው? አምስተኛ? ስለዚህ መልሱን ሳይሆን የመልሱን ቦታ ነው የሸመደድከው። ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ወረፋ ስትጠብቅ የምትሠራውን ልንገርህ። አዲስ 20 ጥያቄ፣ ከዚያ አይበልጥም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛውን ከመረጥክ በኋላ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንደተሳሳቱ ድምፅህን አውጥተህ ለራስህ ንገር። በአማርኛም ይሁን፣ ጎንህ ያለው ሾፌር ያበድክ ቢመስለው ግድ የለም። ሦስቱንም ማስረዳት ካቃተህ መልሱን ብታገኘውም አላወቅከውም ማለት ነው፤ ምልክት አድርግበት። ጥያቄው ውስጥ «ኖት» (ያልሆነው) ወይም «ኤክሴፕት» (በቀር) ካየህ ጣትህን እዚያ ላይ አቁም። ረጅም ታሪክ ከሆነ መጀመሪያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንብብ፤ ምን እንደተጠየቅህ ካወቅህ በኋላ ወደ ታሪኩ ተመለስ። ግማሹ ታሪክ ለማደናገር የገባ ነው።

አምስት ስድስት ሳምንት ስጠው። ቴክሳስ ኮርስ ወስደህ እንድትመጣ አታስገድድህም፤ ስለዚህ ውድ ትምህርት ቤት የግድ አይደለም። ባይሆን አብሮህ የሚያጠና አንድ ሰው ብታገኝ ይሻላል።

ስለ 200 ዶላሩ ልጅ አጭር ነው መልሴ። አትንካው። ሌብነት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ላይሰንሱን የሚሰጥህ የቴክሳስ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የጣት አሻራህን ወስዶ ታማኝነትህን የሚመረምር ነው፤ የሰው ገንዘብ ልትይዝ ነዋ። ያም ሆኖ እንዲህ የሚሸጡ ወረቀቶች አይቻለሁ። ውስጣቸው ያለው በነፃ የሚገኝ መለማመጃ ነው። ልጁ የሚሸጥልህ የራስህን 95 ነው።

ስለ ላይፍ ቡድኑ ግን ትንሽ ላውራህ። ላይፍ ኢንሹራንስ መሸጥ ነውር የለውም፤ የሌላ ፈተና፣ የሌላ ላይሰንስ ሥራ ነው። ደዋዩን ግን ሦስት ነገር ጠይቀው። ገቢህ ከምትሸጠው ፖሊሲ ነው ወይስ ከምታስገባው ሰው? ብለቅ ደንበኞቼ የኔ ናቸው ወይስ የናንተ? ደንበኛው በመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ቢያቆም አስቀድማችሁ የሰጣችሁኝን ኮሚሽን መልስ ትሉኛላችሁ? የመጨረሻውን ሲመልስ ድምፁን አዳምጥ። ደግሞ «መጀመሪያ የዘመዶችህን ስም ዝርዝር አምጣ» ካለህ እኔ ብሆን ስልኩን እዘጋለሁ። የሰርግና የለቅሶ ወዳጅን አንድ ጊዜ ካስቀየምክ ጋርላንድ ትጠብሃለች።

ሌላ አማራጭ ከፈለግህ ቴክሳስ ፐርሰናል ላይንስ የሚባል ጠበብ ያለ ላይሰንስ አላት። የግል መኪናና የመኖሪያ ቤት ብቻ የሚሸጥበት ነው፤ የሚጠናውም ያነሰ ነው። ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ ስልክ ለመመለስ ይበቃል። አንተ ግን ባለህበት ብትቀጥል እመርጣለሁ። የኛ ሰው እዚያ የሚገዛው የመኪና ኢንሹራንስ ብቻ አይደለም። ምግብ ቤት አለ፣ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ትራክ አለ። ከግዛት ግዛት ጭነት በክፍያ የሚያመላልስ ትልቅ ትራክ የፌዴራሉ መንግሥት የሚያስገድደው ትንሹ ላይቢሊቲ 750,000 ዶላር ነው። ያንን ወረቀት በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ሲያጣ ስንቱ የማያውቀውን ፈርሟል። 6 ነጥብ ቀርቶህ ይሄን ገበያ ትተህ አትሂድ። ለባለቤትህም እንዲሁ በልልኝ፤ ከ61 ወደ 64 የመጣው ባሏ በተሳሳተ መንገድ አጥንቶ ነው።

ከማለፍህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ማመልከቻውን በአንድ ዓመት ውስጥ ሰርኮን ወይም ኤንአይፒአር በሚባሉት የላይሰንስ ማመልከቻ ድረ ገጾች ታስገባለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ። ላይሰንሱን በየሁለት ዓመቱ ለማደስ 24 ሰዓት ትምህርት አለው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ ሳልነግርህ አልተኛም። መጀመሪያ ልፈተን የሄድኩ ዕለት ሌሊቱን ሳጠና አድሬ ከጠዋቱ ሰባት ተኩል ላይ ፈተና ማዕከሉ በር ላይ ነበርኩ። ሴትየዋ መንጃ ፈቃዴን ተቀበለች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ መንጃ ፈቃዴን ደግማ አየች። የተመዘገብኩት በስሜና በአባቴ ስም ነበር። መንጃ ፈቃዴ ላይ ግን የአባቴ ስም መሐል ገብቶ መጨረሻው የአያቴ ነው። «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለችኝ። የአያቴን ስም ላስረዳት ሞከርኩ፤ የቤተሰብ ስም ማለት እኛ ጋ የለም፣ ይሄ አባቴ ነው፣ ያ የአባቴ አባት ነው እያልኩ። በትህትና ሰማችኝና በሩን አሳየችኝ። የከፈልኩት ገንዘብ ቀረ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንተ ሁለት ጊዜ ገብተሃልና ምዝገባህ ልክ ይሆናል። ግን ማመልከቻውም፣ አሻራውም፣ ላይሰንሱም አንድ ስም መያዝ አለባቸው። በዚህ መሐል ፓስፖርት ካሳደስክ ወይም ዜግነት ስትወስድ ስምህን አስተካክለህ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ መንጃ ፈቃድህን አውጥተህ ከተመዘገብክበት ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው። አንዲት ፊደል ከተለየች ጠዋት ኤርፖርት ከመሄድህ በፊት ደውል።